መቶ አምስት ሲባል ዜሮው አይሰማም

ባለፈው ዓምድ ስለ ማባዛት ሰንጠረዥ ስጽፍ መጨረሻ ላይ አንዲት አረፍተ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። «ማባዛት አልገባ ያላቸው ልጆች ብዙዎቹ ቀድሞውኑ ቁጥር መጻፍ ያልገባቸው ናቸው» የምትል። እሷው ናት ጉድ ያፈላችው። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ቁጥር አጻጻፍ ሆኗል፤ ከእናት፣ ከባለሱቅ፣ ከአስጎብኚ፣ ከራሴ ተማሪ ሳይቀር። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አስቀምጬ መልሴን ከሥራቸው ጽፌያለሁ፤ ስም አላወጣሁም። ረጃጅሞቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ይቅርታ።

ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። እስከ መቶ ስትጽፍ ምንም አይላትም፣ ከመቶ በላይ ግን ጉድ ነው። «መቶ አምስት» ስላት 1005 ትጽፋለች። «ሁለት ሺህ ሠላሳ» ስላት 200030። ደጋግሜ አርሜያታለሁ፣ በማግስቱ ያው ነው። አባቷ ሰንፋለች ይላል፤ እኔ ደግሞ ዓይኗን ላስመርምር እንዴ እያልኩ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

እህቴ፣ የዓይን ሐኪሙን ተይው። አባቷንም «ተው» በይልኝ። ልጅሽ ሰንፋ ቢሆን ኖሮ አንዴ 1005፣ አንዴ 150፣ አንዴ ደግሞ እጇ ያመጣላትን ትጽፍ ነበር። እሷ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ነው የምትሠራው። እንዲህ ያለ ልጅ የራሱ ሕግ አለው ማለት ነው። የልጅሽ ሕግ ደግሞ ቀላል ነው፦ የሰማሁትን እጽፋለሁ።

እስቲ እንደ እሷ ሆነሽ አድምጪው። «መቶ» ሲባል 100 አለች። «አምስት» ሲባል 5 ጨመረች። 1005 ሆነ። «ሁለት ሺህ» 2000 ነው፣ «ሠላሳ» 30 ነው፣ አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ 200030። ከሰማችው አንድም ነገር አላጎደለችም።

ጣጣው ያለው አፋችንና አሃዙ በሁለት መንገድ መሥራታቸው ላይ ነው። ስንናገር እያንዳንዱ ቁጥር ስሙን ተሸክሞ ይመጣል፤ ሺሁም ሺህ ይባላል፣ መቶውም መቶ። የሌለውን ደግሞ ዝም ብለን እንዘለዋለን። «መቶ፣ አስር የለም፣ አምስት» የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ወረቀት ላይ ግን «ሺህ» የሚባል ምልክት የለም፣ «መቶ» የሚባልም የለም። መቶነቱን የሚናገርለት የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቤት ባዶ ከሆነ ባዶነቱም መጻፍ አለበት፣ አለዚያ ጎረቤቱ መጥቶ ይቀመጥበታል። 105 ላይ ያለችውን ዜሮ ብታወጪያት 1 ከመቶ ቤት ወርዳ አስር ቤት ትገባለች፤ መቶ አምስት የነበረው አስራ አምስት ሆኖ ቁጭ።

አሁን ወደ ሥራው። ቤታችሁ ገበጣ አለ? ከሌለ የእንቁላል ካርቶን አራት ጉድጓድ ያለው ቁራጭ ይበቃል። አንድ እፍኝ ሽምብራም አምጪ። ጉድጓዶቹን ከቀኝ ጀምራችሁ አንድ ቤት፣ አስር ቤት፣ መቶ ቤት፣ ሺህ ቤት በሏቸው። ሕጉ አንዲት ናት፦ በአንድ ጉድጓድ ከዘጠኝ ፍሬ በላይ አይቀመጥም። አስር ከሞላ አስሩም ይነሳሉ፣ በስተግራ ባለው ጉድጓድ አንዲት ፍሬ ትገባለች። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ከአንድ ጀምራችሁ እስከ ሃያ ምናምን ቁጠሩ፤ ዘጠኝ ላይ ደርሳ አሥረኛዋን ስትጥል አንድ ቤት ባዶ ሲቀርና አስር ቤት አንድ ፍሬ ሲያገኝ እሷው በዓይኗ ትየው። ቸኩለሽ አታስረጂያት፣ እዚህ ላይ ጊዜ ስጧት።

ከዚያ «መቶ አምስት» በያት። መቶ ቤት አንድ፣ አንድ ቤት አምስት ትጥላለች። መሃል ያለው ጉድጓድ ባዶ ነው። «እዚህ ስንት አለ?» ብለሽ ጠይቂያት። «ምንም» ትላለች። «ጉድጓዱስ የለም?» በያት። ትስቃለች፣ ምክንያቱም ገበጣ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ባዶ ጉድጓድ እንደማይዘለል ያውቃል፤ ፍሬ ሲዘራ ባዶውም ድርሻውን ያገኛል። እንግዲህ የጉድጓዶቹን ፍሬ ከግራ ወደ ቀኝ ከሥራቸው ትጻፍ፦ 1፣ 0፣ 5። ባዶውን ሳትጽፍ ካለፈች ሽምብራውን አሳያት፣ አትቆጪያት።

ሁለተኛው ዘዴ የወረቀት ቁራጭ ነው፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። በአንድ ረጅም ቁራጭ ላይ 2000 ጻፊ፣ አጠር ባለው ላይ 30፣ በትንሿ ላይ 5። «ሁለት ሺህ ሠላሳ» ስትይ 30ን ከ2000 ጎን ሳይሆን ከላዩ፣ በቀኝ ጠርዙ በኩል አስተካክላ ታነባብረው። የሁለት ሺሁ የመጨረሻ ሁለት ዜሮዎች ይሸፈኑና 2030 ይወጣል። 5ን ደግሞ ከሠላሳው ዜሮ ላይ ብትጭን 2035። ዜሮዎቹ ለሚመጣ እንግዳ የተያዙ ወንበሮች መሆናቸው እዚህ ጋ ይገባታል። ቁራጩን ስታነሳው ከሥር ብቅ ይላሉ፤ ልጆች ይሄን ማንሳትና መመለስ በጣም ነው የሚወዱት።

ሲገባት ይቺን አጽፊያት፦ 207፣ 2,007፣ 2,070፣ 2,700፣ 20,007። አምስቱም ከዜሮ ሌላ 2 እና 7 ብቻ አላቸው፤ ልዩነታቸው ሁሉ የዜሮዎቹ ብዛትና የቆሙበት ቦታ ነው። ግን ስትናገሪ ቀስ በይ፣ «ሰባት» እና «ሰባ» በልጅ ጆሮ ይምታታሉ። «ሠላሳ» እና «ስልሳ»ም እንደዚያው። እኔ በበኩሌ ክፍል ውስጥ «ስድሳ» ነው የምለው፣ ብዙ እንባ አትርፎልኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከቤታችሁ ይውጣ፦ «ዜሮ ምንም ማለት ነው» የሚለው አባባል። ምንም ከሆነ ለምን ይጻፋል? ልጆቹ እውነታቸውን ነው።

መምህር ሰላም ነው? ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። የእህቴ ልጅ ያግዘኛል፣ የዱቤ መዝገቡን የሚይዘው እሱ ነው። አንድ ደንበኛዬ ሸቀጥ ወስደው «አስራ ሁለት መቶ ብር ጻፍባቸው» አልኩት። በወሩ መጨረሻ ሊከፍሉ ሲመጡ መዝገቡ 12100 ይላል። «አስራ ሁለት ሺህ መቶ ብር ስኳር ላስኩ?» ብለው ሳቁብን። ልጁ ደግሞ «አስራ ሁለት መቶ የሚባል ቁጥር የለም፣ ጥፋቱ ያንተ ነው» አለኝ። አለ ወይስ የለም?

አለ። ልጁም ግን ሙሉ ለሙሉ አልተሳሳተም፤ አጎት ላይ አፍ መክፈቱን እናንተው ተነጋገሩበት።

አስራ ሁለት መቶ ማለት ባለ መቶ ብር ኖት አስራ ሁለት ማለት ነው። አስሩን ቁጠርና ለብቻ አስቀምጥ፣ አንድ ሺህ ሆነ። የቀረው ሁለት መቶ ነው። 1,200። በአፍ «አስራ ሁለት መቶ» ማለት ነውር የለውም፣ አገሩ ሁሉ የሚለው ነው፤ «ሃያ አምስት መቶ»፣ «ሠላሳ ሰባት መቶ» እያልን ነው የምንገበያየው። ወረቀት ላይ ግን አንድ ቤት የሚይዘው አንድ አሃዝ ብቻ ነው፣ ከ0 እስከ 9። 12 የሚባል ነገር መቶ ቤት ውስጥ አይገባም፣ ሁለት ሰው ነው። አንዱ ወደ ግራ ተገፍቶ ሺህ ቤት መግባት አለበት። ቁጥርን በመደበኛ አጻጻፍ ጻፉ ሲባል ነገሩ ይኸው ነው፦ በየቤቱ አንድ አሃዝ፣ ባዶው ቤት በዜሮ ይሞላል፣ ከፊት ዜሮ አይለጠፍም።

የእህትህ ልጅ የሠራው ከላይ ያለችው ልጅ የሠራችውን ነው። 12 ሰማ፣ 100 ሰማ፣ ገጠማቸው። እሱም ትልቅ ሆኖ!

በልጁ ከመሳቅህ በፊት የኔን ስማ። መደርደሪያ ለሚሠራልኝ አናጢ «ሃያ አምስት መቶ» ቀብድ ልልክለት በሞባይል ባንኪንግ ገባሁ። 25 ጻፍኩ፤ ከዚያ አእምሮዬ «ሺህ» እያሰበ መሰለኝ ሦስት ዜሮ መታሁበት። አፕሊኬሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ እርግጠኛ ነበርኩ። ሰውየው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደወለ። «መምህር፣ መደርደሪያ ነው ወይስ ቤት የሚያሠሩኝ?» አለኝ። ደግ ሰው ስለገጠመኝ 22,500 ብሬን በዚያው ቀን መለሰልኝ። የሂሳብ አስተማሪ ነኝ እንግዲህ።

ስለዚህ ሱቅህ ውስጥ እንዲህ አድርጉ። ለደንበኛ እንደፈለግህ ተናገር፣ ለሚጽፈው ልጅ ግን «አንድ ሺህ ሁለት መቶ» በለው። ከሺህ በላይ የሆነ ዱቤ ከአሃዙ ቀጥሎ በፊደልም ይጻፍ። ቼክ ላይ «በአሃዝ» እና «በፊደል» የሚሉ ሁለት ቦታዎች ያሉት ለጌጥ አይደለም። 5,000 በተጻፈበት ላይ ከፊቱ አንዲት ጭረት ብትጨመር 15,000 ነው፤ አንዲት ጭረት አስር ሺህ ብር አወጣች፣ ምክንያቱም የገባችው አስር ሺህ ቤት ነው። «አምስት ሺህ» የሚለውን ፊደል ግን በአንድ ጭረት አትለውጠውም። ሁለቱ ሳይስማሙ ቢቀሩም ሕጉ የሚያጸናው በፊደል የተጻፈውን ነው፤ ባንክ ቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቼኩን ይመልስልሃልና እዚያ ድረስ ባትደርስ ይሻላል። መዝገብህም ላይ ከመጀመሪያው አሃዝ በፊት ክፍት ቦታ አትተው።

አስጎብኚ ነኝ፣ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት እወስዳለሁ። ብራናዎቹ ላይ የግእዝ ቁጥር ሲያዩ ይጠይቁኛል፤ «ዜሮው የቱ ነው?» ይሉኛል። የለም ስላቸው ፈገግ ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ያመኛል። ቁጥራችን ጎደሎ ነው ማለት ነው?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር ብልህ ታምነኛለህ? አይመምህ። በሚቀጥለው ጊዜ ፈገግ ሲሉ አንተም ፈገግ በልና «ለምን ይኖረዋል?» በላቸው።

የግእዝ ቁጥር 20 ምልክቶች አሉት። ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ ከዚያ ፻ እና ፼። የመጨረሻዋ እልፍ ናት፣ 10,000። አሁን የሽምብጧን ልጅ ቁጥር በግእዝ ጻፈው። መቶ አምስት፦ ፻፭። መቶ፣ አምስት። አለቀ! የሰማችውን ነው የጻፈችው። አስር ቤት ባዶ መሆኑን ማንም አልጠየቀም፣ ምክንያቱም ፻ የትም ብትቆም መቶነቷን በመልኳ ነው የምትናገረው። ቦታ የሚያስይዝላት ሰው አያስፈልጋትም። ልጅቷ በዘመናዊ አሃዝ የግእዝ ሰዋስው ተጠቅማለች ብል ማጋነን አይሆንም፤ አባቷ ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

የባለሱቁንስ? አስራ ሁለት መቶ በግእዝ ፲፪፻ ነው። አስራ ሁለት፣ መቶ። ለሺህ የተለየ ምልክት ስለሌለው ሺህን የሚጽፈው በመቶ ብዛት ነው፤ ሺህ ራሱ ፲፻ ነው፣ አስር መቶ። «አስራ ሁለት መቶ የሚባል ቁጥር የለም» ያለው ልጅ ዘጌ ቢሄድ መነኮሳቱ ያስረዱታል። የዛሬ አሃዝ በኮማ ሦስት ሦስት እየተቆረጠ በሺህ ይራመዳል፣ የግእዙ ግን ሁለት ሁለት እየያዘ በመቶ ነው የሚራመደው። 2018ን ተመልከት፦ ፳፻፲፰። ሃያ መቶ፣ አስራ ስምንት። አንድ ሚሊዮን ደግሞ ፻፼ ነው፣ መቶ እልፍ፣ ሁለት ምልክት ብቻ። እኛ ለዚያው ሰባት አሃዝ እንደረድራለን።

ለእንግዶችህ የሚሆን አንድ ጥሩ ምሳሌ ልስጥህ። በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት፣ ሦስት መቶ አስራ ስምንቱ፣ ፫፻፲፰ ተብለው ነው የሚጻፉት። አራት ምልክት ነው። በአሃዝ 318፣ ሦስት። የት ሄደች አንዷ? ፻ ናት የጠፋችው። በአሃዙ የመቶነትን ሥራ ቦታው ወሰደባት። ይህንን በጀልባዋ ወለል ላይ በጠመኔ ብትጽፍላቸው ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል።

የምልክቶቹ ቅርጽ የመጣው ከግሪክ ፊደላት ነው፣ ግሪኮቹም በፊደል ሲቆጥሩ እንደኛው ነበሩ። የሮማውያን ቁጥርም ዜሮ የለውም። ዜሮን ራሱን እንደ ቁጥር ቆጥሮ የመደመርና የመቀነስ ሕግ የጻፈለት ብራህማጉፕታ የተባለ ሕንዳዊ ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ628። ከሕንድ ወደ ባግዳድ ተሻገረ፤ በ9ኛው ክፍለ ዘመን አልኽዋሪዝሚ የሚባል የሂሳብ ሊቅ ስለ አሃዞቹ አሠራር ጻፈ፣ «አልጎሪዝም» (ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ስሌት) የሚለው ቃል ከዚህ ሰውዬ ስም የወጣ ነው። እኛ «የአረብ ቁጥር» የምንለውን የድሮዎቹ አረቦች «የሕንድ ቁጥር» ይሉት ነበር። «ዜሮ»ም ከነሱው «ሲፍር» ነው የመጣው፣ ባዶ ማለት ነው። ባዶ ጉድጓድ።

ታዲያ ለምን ቀየርነው ካልከኝ፣ ለስሌት ነው። 105 እና 95ን ከላይና ከታች ጽፈህ አሃዝ ከአሃዝ ሥር እየደመርክ 200 ታወጣለህ፤ አምስትና አምስት አስር፣ ዜሮ ጻፍ አንድ ያዝ፣ ለልጅም አይከብድም። ፻፭ እና ፺፭ን ግን አንዱን ከአንዱ ሥር ብትጽፍ ፻ ከ፺ ጋር ትፋጠጣለች፣ ምንም አይወጣህም። ደምረህ ስትጨርስ ፪፻ ብለህ በሚያምር መልኩ መጻፍ ትችላለህ፣ መደመሩን ግን በጭንቅላትህ ወይም በጠጠር ነው የምትጨርሰው። የግእዝ ቁጥር ለመመዝገብ የተሠራ ነው፣ የዛሬው አሃዝ ለመሥራት። የሁለቱም ዓላማ ሌላ ነው፣ ጎደሎ የሚባል ነገር የለም።

ልጄ አራተኛ ክፍል ፈተና ላይ «በ4,729 ውስጥ 7 ዋጋው ስንት ነው?» ለሚለው «መቶ» ብሎ ኤክስ ተደረገበት። 7 መቶ ቤት አይደለም እንዴ?

ነው። ቤቱ መቶ ነው፣ ዋጋው ግን 700። አድራሻና ንብረት አንድ አይደሉም። 4,729 ሲዘረዘር 4,000 + 700 + 20 + 9 ነው፤ ዋጋው እዚያ መስመር ላይ የተጻፈው ነው። ኤክሱ ይገባዋል፣ ግማሽ ማርክ ቢሰጡት ግን ባልከፋኝ።

(በልጅ ልጃቸው እጅ የተጻፈ) እንደምን አለህ ልጄ። አረብ አገር ያለችው ልጄ ብር ላከችልኝና ስልኬ ጮኸ። 12,500.00 ይላል። አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ባንክ ስሄድ የሰጡኝ ሌላ ነው። አጭበርብረውኝ ይሆን?

እማማ፣ እንደምን አሉ። አላጭበረበሩዎትም። ከነጥቧ በስተቀኝ ያሉት ሁለቱ ዜሮዎች ሳንቲም ናቸው፤ «ሳንቲም የለውም» ነው የሚሉት። እነሱን በጣትዎ ይሸፍኗቸው። የቀረው 12,500 ነው፣ አስራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር። ኮማዋ ደግሞ ሺህ ከየት እንደሚጀምር የምታሳይ ምልክት ናት፤ ኮማ ላይ ሲደርሱ «ሺህ» ይበሉ። ሁለት ኮማ ካዩ የመጀመሪያዋ «ሚሊዮን» ናት፣ ሁለተኛዋ «ሺህ»። ያኔ ለጎረቤት ከመንገርዎ በፊት ለልጅ ልጅዎ ያሳዩት። በስልክ ላይ ያለ የገንዘብ ወሬ በሚሊዮን ባይሆንም ለጎረቤት ባይወራ ደግ ነው፣ እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይስሙኝ።

ቲቸር፣ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። «በመደበኛ አጻጻፍ ጻፉ» ተባልን። እኔ 74,000,000,000 አልኩ፣ ጓደኛዬ 7.4 × 10⁹ አለ። ማን ነው ትክክል?

አንተ ትክክል ነህ፣ ጓደኛህ ለትንሽ ስቷል። ግራ የሚያጋባው ግን ስሙ ነው። በአንዳንድ መጻሕፍት «መደበኛ አጻጻፍ» ማለት አንተ እንዳደረግከው ቁጥሩን በሙሉ አሃዙ መጻፍ ነው። በሌሎች ደግሞ ጓደኛህ የሞከረውን፣ ሳይንሳዊ አጻጻፍ የምንለውን (ከነጥቡ በፊት አንድ አሃዝ ብቻ ጽፎ በአስር ርቢ ማባዛትን) ነው የሚጠሩበት። ቲቸራችሁ የትኛውን እንደፈለጉ ጠይቋቸው፣ መጠየቅ አያስቀንስም።

ጓደኛህ የሳተው ዜሮዎቹን ስለቆጠረ ነው። ዘጠኝ ዜሮ አየ፣ 10⁹ አለ። የሚቆጠረው ግን ነጥቡ የሚያልፈው ቤት ነው። ነጥቡን ከቁጥሩ መጨረሻ አንስተህ በ7 እና በ4 መሃል እስክታቆመው ድረስ ቁጠር፤ ዘጠኙን ዜሮ አልፎ 4ንም ያልፋል፣ አስር ቤት። ስለዚህ 7.4 × 10¹⁰። የሱ መልስ 7.4 ቢሊዮን ነው የሚሆነው፣ ከግድቡ ዘጠኝ አሥረኛውን ውሃ ደፋው ማለት ነው!

ዜሮ ስትደረድር ብዛቱ ካልተሰማህ በሰከንድ ቁጠረው። በየሰከንዱ አንድ እያልክ ሳትተኛ ሚሊዮን ለመድረስ 11 ቀን ተኩል ገደማ ይበቃሃል። ቢሊዮን ለመድረስ 31 ዓመት ከ8 ወር ገደማ። ከሚሊዮን ወደ ቢሊዮን ሦስት ዜሮ ብቻ ነው የጨመርከው፣ ግን ከአስራ አንድ ቀን ወደ አንድ ጎልማሳ ዕድሜ ተዛወርክ። የሕዳሴውን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አንድ በአንድ ብትቆጥረው ከ2,300 ዓመት በላይ ትቀመጣለህ። አንዱ ሜትር ኩብ ደግሞ በ20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን ነው። እዚሁ ከጣና ሲወጣ ድልድዩ ላይ ቆመህ የምታየው ዓባይ ነው ከሌሎች ገባሮቹ ጋር ሆኖ ይሄን የሚሞላው።

ለቤት ሥራ፦ ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስንት ስኩዌር ሜትር ነው? ሦስት ሚሊዮን ካልከኝ ተሳስተሃል፤ አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር አንድ ሺህ ሳይሆን አንድ ሚሊዮን ስኩዌር ሜትር ነው፣ ሺህ በሺህ። በሁለቱም አጻጻፍ ጽፈህ ላክልኝ።

ቢሮ ውስጥ የስልክ ዝርዝር በኤክሴል እሠራለሁ። 058 ብዬ ስጽፍ 58 ብቻ ይቀራል። የሞባይሎቹም 09 ዜሮዋ ትጠፋለች። አንተ ዜሮ መጻፍ አለባት ትላለህ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ይሰርዛታል። ማንን ልመን?

ሁለታችንንም። ኮምፒውተሩ ቁጥር የሰጠኸው መስሎታል፤ በቁጥር ደግሞ ከፊት ያለች ዜሮ የምትይዘው ቤት የላትም፣ 058 ብትልም 58 ብትልም ሃምሳ ስምንት ነው። ስልክ ግን ብዛት አይደለም፣ ስም ነው። ማንም ሰው የሁለት ሰው ስልክ ደምሮ አያውቅም። ዓምዱን መርጠህ ዓይነቱን ከቁጥር ወደ ጽሑፍ ቀይረውና እንደገና ጻፈው። ጥቂት ከሆኑ ከዜሮዋ በፊት አንዲት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ብታስቀድም ይበቃል፤ ሳጥኑ ላይ አትታይም፣ ዜሮዋም አትጠፋም። የቀበሌ የቤት ቁጥርም በዜሮ የሚጀምር ካለህ እሱንም እንደዚሁ አድርገው።